የቤተሰብ የጉዞ ፈቃድ፦ መብትን የሚሰጥ ወረቀት ወይስ መብትን የሚያረጋግጥ?

አሕጽሮተ ጥናት

የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር ዜጋ ያገባ የሌላ አገር ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር ወይም እርሱን ተከትሎ ሲጓዝ የሚጠየቀው የመግቢያ ፈቃድ ከተራ ቪዛ የተለየ ሕጋዊ ባሕርይ አለው። ተራው ቪዛ በመንግሥት ሥልጣን የሚሰጥ ፈቃድ ሲሆን የቤተሰብ ፈቃድ ግን በሕግ አስቀድሞ የተሰጠን መብት የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው። ይህ ጽሑፍ የልዩነቱን ምንጭ በመመሪያ 2004/38 እና በኅብረቱ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች መሠረት ይመረምራል። ከዚያም ኢትዮጵያዊ የትዳር ጓደኛ በማመልከቻው ሂደት የሚገጥሙትን የማስረጃ ችግሮች ያሳያል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ የአመልካቹ ጉዳይ የሚጸናው ወይም የሚወድቀው ከመብቱ መኖር ይልቅ በትዳሩ ማስረጃ ላይ ነው የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

በፍራንክፈርት ከተማ በአንድ መንገድ ላይ የሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድማማቾችን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ታላቁ የጀርመን ዜግነት አግኝቷል። ታናሹ አስቀድሞ በሆላንድ ይኖር ስለነበር የሆላንድ ዜጋ ሆኖ ነው ለሥራ ወደ ፍራንክፈርት የመጣው። ሁለቱም በአንድ ክረምት አዲስ አበባ ላይ ተሞሸሩ፤ ሁለቱም ሚስቶቻቸውን ወደ ጀርመን ለመውሰድ አመለከቱ።

የታላቁ ሚስት፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከጉዞዋ በፊት የመጀመሪያ ደረጃ የጀርመንኛ ችሎታ እንዳላት የሚያስረዳ የፈተና ውጤት ማቅረብ አለባት። ይህ ግዴታ በጀርመን ሕግ ከ2007 ጀምሮ የጸና ነው። የታናሹ ሚስት ግን አንዲት የጀርመንኛ ቃል እንድታውቅ አትጠየቅም። ጉዳይዋ በተፋጠነ ሥነ ሥርዓትና ያለ ክፍያ እንዲታይላት የሚያዝዝ ሕግ አለ። የጀርመን መንግሥት ለራሱ ዜጋ ሚስት የሚጠይቀውን ለሆላንድ ዜጋ ሚስት አይጠይቅም ማለት ነው።

የልዩነቱ ምክንያት የባለሥልጣናት ቸርነት ወይም ጭካኔ አይደለም፤ የሕጉ ምንጭ መለያየት ነው። የታላቁ ጉዳይ የሚታየው በጀርመን የውጭ ዜጎች ሕግ ሲሆን የታናሹ የሚታየው በአውሮፓ ኅብረት የነፃ ዝውውር ሕግ ነው። አመልካቹ ጉዳዩ በየትኛው ሕግ እንደሚታይ ሳይለይ ቅጽ መሙላት ከጀመረ የማያስፈልገውን ማስረጃ ለማሰባሰብ ወራት ሊያጠፋ፣ ወይም የማይገባውን መብት ጠይቆ ውድቅ ሊደረግበት ይችላል።

2. የፈቃዱ ሕጋዊ ምንጭ

የኅብረቱ ፓርላማና ምክር ቤት ኤፕሪል 29 ቀን 2004 ያወጡት መመሪያ 2004/38 የኅብረቱ ዜጎችና ቤተሰቦቻቸው በአባል አገራት የመዘዋወርና የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አባል አገራት እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2006 ድረስ መመሪያውን በየሕጋቸው እንዲያካትቱ ተገድደው ነበር። በአንቀጽ 2 መሠረት የቤተሰብ አባል የሚባሉት የትዳር ጓደኛ፣ በተወሰነ ሁኔታ የተመዘገበ አጋር፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ወይም በቤተሰቡ ድጋፍ የሚኖሩ ተወላጆች፣ እንዲሁም በድጋፍ የሚኖሩ ወላጆች ናቸው።

ለዚህ ጥናት ማዕከላዊ የሆነው አንቀጽ 5 ነው። አንቀጹ ከሦስተኛ አገር የመጣ የቤተሰብ አባል ቪዛ ሊጠየቅ እንደሚችል ይቀበላል። ወዲያው ግን ሦስት ገደቦች ያስቀምጣል፦ አባል አገራት ቪዛው እንዲገኝ ማናቸውንም ማመቻቸት ማድረግ አለባቸው፤ ቪዛው ያለ ክፍያ መሰጠት አለበት፤ በተቻለ ፍጥነትና በተፋጠነ ሥነ ሥርዓት መሰጠት አለበት። ክብደቱን ለመረዳት ተራውን የሸንገን ቪዛ ማነጻጸር ይበቃል፤ ከጁን 11 ቀን 2024 ጀምሮ አንድ አዋቂ አመልካች ለዚያ 90 ዩሮ ይከፍላል።

የሰነዱ መጠሪያ እንደየአገሩ ይለያያል። በሸንገን አገራት ልዩ ሥነ ሥርዓት የሚከተል የአጭር ጊዜ ቪዛ ነው። ብሪታንያ በኅብረቱ ውስጥ ሳለች «የቤተሰብ ፈቃድ» በሚል ስም ለ6 ወር የሚያገለግል ሰነድ ትሰጥ ነበር። ስሙ ቢለያይም ተግባሩ አንድ ነው፤ ባለ መብቱ ድንበር ላይ ደርሶ መብቱን እንዲጠቀም ያደርጋል።

ይህ ባሕርይ በዳኝነት ቀድሞ የታወቀ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጁላይ 25 ቀን 2002 በኤምራክስ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ማንነቱንና ጋብቻውን ማስረዳት የሚችል የትዳር ጓደኛ፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ደኅንነት ወይም ጤና ሥጋት መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ ቪዛ ስለሌለው ብቻ ከድንበር ሊመለስ እንደማይገባ ወስኗል። መመሪያው ይህን ሐሳብ ተቀብሎ ሰነድ የጎደለው ሰው ከመመለሱ በፊት ሰነዱን እንዲያመጣ ወይም መብቱን በሌላ መንገድ እንዲያስረዳ ማናቸውም ተገቢ ዕድል እንዲሰጠው ያዝዛል። ይህ ማለት ግን ያለ ቪዛ መነሣት ይመከራል ማለት አይደለም፤ አየር መንገዶች ቪዛ የሌለውን መንገደኛ ገና ከመነሻው ስለሚያስቀሩት የድንበሩ ጥበቃ በተግባር የሚጠቅመው ለጥቂቶች ነው።

3. መብቱ ለማን ይደርሳል?

መመሪያው የሚሠራው የኅብረቱ ዜጋ ዜግነቱን ከያዘበት አገር ወደ ሌላ አባል አገር ሲሄድ ወይም በዚያ ሲኖር ነው። ስለዚህ የትዳር ጓደኛው መብት የተንጠለጠለው በኅብረቱ ዜጋ ዜግነት ብቻ ሳይሆን በእንቅስቃሴውም ላይ ነው። በመግቢያው ከተጠቀሱት ወንድማማቾች ታላቁ መብቱን ያጣው ከዜግነቱ አገር ስላልወጣ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ወጥቶ ቢመለስስ? ጥያቄው ከሱሪንደር ሲንግ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። ሕንዳዊው ሲንግ በ1982 በእንግሊዝ አገር አንዲት የብሪታንያ ዜጋ አገቡ፤ ከ1983 እስከ 1985 ባልና ሚስቱ በጀርመን ሠሩ፤ ከዚያም የራሳቸውን ሥራ ለመክፈት ወደ ብሪታንያ ተመለሱ። ፍርድ ቤቱ ጁላይ 7 ቀን 1992 እንደወሰነው አንድ ዜጋ በሌላ አባል አገር ሠርቶ ወደ አገሩ ሲመለስ የትዳር ጓደኛው ቢያንስ በሌላ አባል አገር የሚኖረውን ያህል የመግባትና የመኖር መብት ሊኖረው ይገባል። ምክንያቱም ዜጋው ሲመለስ ከባለቤቱ እንደሚለይ ካወቀ አስቀድሞም ከአገሩ ለመውጣት ይሰጋል።

ይህ መንገድ ያለ ልክ የተከፈተ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ማርች 12 ቀን 2014 በኦ እና ቢ ጉዳይ የቅዳሜና እሑድ ጉብኝቶችና የአጭር ጊዜ ቆይታዎች ተደማምረው ይህን መብት እንደማያስገኙ አስረድቷል። ዜጋው ከሦስት ወር በላይ ለመኖር በሚያስችለው ሕጋዊ ሁኔታ በእውነት ኖሮ መሆን አለበት፤ የቤተሰብ ሕይወቱም በዚያ ቆይታ የተመሠረተ ወይም የጠነከረ መሆን አለበት።

ሌላው ጥያቄ የትዳር ጓደኛው ቀድሞ የነበረበት ሁኔታ ነው። አየርላንድ የሦስተኛ አገር ዜጋው አስቀድሞ በሌላ አባል አገር በሕጋዊነት የኖረ መሆን አለበት የሚል ደንብ ነበራት። በዚህ ደንብ ምክንያት ከለከላ የደረሰባቸው አራት ባልና ሚስት ባቀረቡት የመቶክ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ጁላይ 25 ቀን 2008 ደንቡን ውድቅ አደረገ። ጋብቻው መቼና የት እንደተፈጸመ፣ የትዳር ጓደኛውም በምን ሁኔታ ወደ አገሩ እንደገባ ለመብቱ መኖር ወሳኝ አይደለም ተባለ። ስለዚህ በቀጥታ ከአዲስ አበባ የሚነሣ የትዳር ጓደኛ በአውሮፓ ያልኖረ መሆኑ መብቱን አይቀንሰውም።

4. በማመልከቻው ሊጠየቅ የሚገባውና የማይገባው

የአውሮፓ ኮሚሽን ጁላይ 2 ቀን 2009 ያወጣው የአፈጻጸም መግለጫ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። አመልካቹ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ይጠበቅበታል። አንደኛው ማንነቱን ነው፤ ይህም በጸና ፓስፖርት ይረጋገጣል። ሁለተኛው ከኅብረቱ ዜጋ ጋር ያለውን ዝምድና ነው፤ ለዚህም የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የትዳር ጓደኛው ዜግነት ማስረጃ ይቀርባል። ሦስተኛው የኅብረቱ ዜጋ አብሮት የሚጓዝ ወይም በመድረሻው አገር የሚኖር መሆኑን ነው፤ የትኬት፣ የሥራ ውል ወይም የነዋሪነት ምዝገባ ማስረጃ ይህን ያሳያል።

ሌሎች ለተራ ቪዛ የተለመዱ ሰነዶች ከዚህ ክልል ውጪ ናቸው። የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የሆቴል ማስያዣ፣ የግብዣ ደብዳቤና የመመለሻ ትኬት በመርሕ ደረጃ ሊጠየቁ አይገባም። ተራው ቪዛ የሚመዝነው አመልካቹ ይመለሳል ወይስ ይቀራል የሚለውን ነው። የቤተሰብ አባል ግን ከትዳር ጓደኛው ጋር የመኖር መብት ስላለው «የመመለስ ፍላጎትህን አላሳየህም» የሚለው የተለመደ የውድቅ ምክንያት በእርሱ ላይ ትርጉም የለውም። ይኸው መግለጫ ውሳኔው ከአራት ሳምንት በላይ መዘግየቱ ምክንያታዊ እንዳልሆነ ይገልጻል።

ከቅጹ ጋር የሚያያዝ አጭር ደብዳቤ በተግባር ብዙ ይጠቅማል። ደብዳቤው ማመልከቻው በመመሪያ 2004/38 አንቀጽ 5 መሠረት የቀረበ መሆኑን በመጀመሪያው መስመር ይገልጻል፤ የኅብረቱ ዜጋ ከዜግነቱ አገር ውጪ ወደሆነው ወደ የትኛው አገር እንደሚጓዝ ወይም በየትኛው እንደሚኖር ይናገራል፤ የተያያዙትን ሰነዶች ይቈጥራል። ማመልከቻ ተቀባዮች ብዙ ጊዜ የኤምባሲው ሠራተኞች ሳይሆኑ በውል የሚሠሩ ድርጅቶች ናቸው። የእነርሱ ዝርዝር ለተራ ቪዛ የተዘጋጀ ሲሆን መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ የጎደለ ሰነድ አለ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ በጽሑፍ የቀረበ የሕግ መሠረት ከቃል ክርክር ይልቅ ይረዳል።

የጉዞው ፈቃድና የመኖሪያው ካርድ ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። ከሦስት ወር በላይ ለመኖር የኅብረቱ ዜጋ ሠራተኛ፣ በራሱ ሥራ የሚተዳደር፣ ተማሪ ወይም በቂ ገቢና የጤና መድን ያለው መሆን አለበት። የትዳር ጓደኛው ከደረሰ በኋላ ለመኖሪያ ካርድ ያመለክታል፤ ማመልከቻውን ማቅረቡን የሚያስረዳ ወረቀት ወዲያውኑ ይሰጠዋል፤ ካርዱም ቢበዛ በ6 ወር ውስጥ መሰጠት አለበት። ለጉዞው ሊጠየቅ የማይገባው የገቢ ጥያቄ በዚህ ሁለተኛ ደረጃ በመጠኑ ሊነሣ ይችላል።

5. የማካርቲ ጉዳይ፦ ፈቃዱ ራሱ ሲመረመር

ፈቃዱ መብት ሰጪ ነው ወይስ አረጋጋጭ የሚለው ክርክር ፈጦ የወጣው በማካርቲ ጉዳይ ነው። የብሪታንያና የአየርላንድ ጥምር ዜግነት ያላቸው ማካርቲ ከኮሎምቢያዊት ባለቤታቸው ጋር ከ2010 ጀምሮ በስፔን ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ስፔን የሰጠቻቸው የቤተሰብ አባል የመኖሪያ ካርድ ነበራቸው። በመመሪያው አንቀጽ 5 መሠረት ይህን ካርድ የያዘ ሰው ከቪዛ ግዴታ ነፃ ነው። ብሪታንያ ግን ካርዱን ሳትቀበል በየስድስት ወሩ የሚታደስ የቤተሰብ ፈቃድ ትጠይቅ ነበር፤ ለዚህም ሴትዮዋ ከሚኖሩበት የደቡብ ስፔን ከተማ ማድሪድ ድረስ በአካል መሄድ ነበረባቸው።

የብሪታንያ መንግሥት መከላከያ የማስመሰያ ጋብቻና የሐሰት ካርድ መብዛት ነበር። መመሪያው በአንቀጽ 35 አባል አገራት መብትን ያላግባብ መጠቀምንና ማጭበርበርን ለመከላከል እርምጃ እንዲወስዱ ይፈቅዳል። ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 18 ቀን 2014 በሰጠው ውሳኔ ይህ ሥልጣን በግለሰብ ደረጃ ከሚደረግ ምርመራ ውጪ ሊሠራበት እንደማይችል ወስኗል። በአንድ አገር ማጭበርበር በዝቷል የሚለው አጠቃላይ ሥጋት እውነት ቢሆን እንኳ አንዲት ባለ መብት ላይ ማስረጃ ሳይቀርብ መብቷን ሊያስቀር አይችልም።

የውሳኔው ፍሬ ነገር ከማካርቲ ቤተሰብ በላይ ይሄዳል። መንግሥት አንድን የሰዎች ክፍል በጅምላ ጠርጥሮ «እስክትነጹ ድረስ አትገቡም» ሊል አይችልም። ጥርጣሬ ካለው ሊመረምር ይችላል፤ ምርመራው ግን ስለ አንድ ሰው፣ በዚያ ሰው ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ መካሄድ አለበት።

6. የኢትዮጵያ ጋብቻና የማስረጃው ችግር

መብቱ ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ማመልከቻዎች ለምን ውድቅ ይሆናሉ? መልሱ በአብዛኛው ከጋብቻው ማስረጃ ጋር የተያያዘ ነው። ለኢትዮጵያዊ አመልካች ሦስት ነጥቦች ልዩ ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያው የምዝገባ ቀን ነው። በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ሦስት የጋብቻ አፈጻጸም መንገዶችን ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል ሥርዓት። የክልሎች የቤተሰብ ሕጎችም እነዚህን መንገዶች ያውቃሉ። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን በተክሊል ወይም በኒካሕ የተፈጸመ ጋብቻ የጸና ጋብቻ ነው። ሆኖም ብዙዎች ጋብቻቸውን በመንግሥት መዝገብ የሚያስመዘግቡት የውጭ ጉዞ ሲታሰብ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወጥቶ አገር አቀፍ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ ይህ ልማድ አይደንቅም። ነገር ግን የቪዛ መርማሪው የሚያየው ከማመልከቻው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ነው። የአምስት ዓመት ትዳር በእርሱ ዓይን የሁለት ሳምንት ትዳር ይመስላል። መፍትሔው በምስክር ወረቀቱ ላይ የጋብቻው ቀንና የምዝገባው ቀን ተለይተው መጻፋቸውን ማረጋገጥ፣ የሃይማኖቱን ተቋም ማስረጃ አያይዞ ማቅረብ፣ ልዩነቱንም በደብዳቤው ማብራራት ነው። የምስክር ወረቀት በማይገኝበት ጊዜ ሕጉ ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን በምስክሮች ማስረዳትን ስለሚፈቅድ የፍርድ ቤት ውሳኔም አማራጭ ማስረጃ ይሆናል።

ሁለተኛው የስምና የቀን ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ቅጾች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ ኢትዮጵያዊ ግን የቤተሰብ ስም የለውም። በአንድ ሰነድ የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባል። ሚስት በባሏ ስም አለመጠራቷ በአገሩ ልማድ የተለመደ ሲሆን ለማያውቀው መርማሪ ግን ጥያቄ ያስነሣል። «ወልደ» ወይም «ገብረ» ብለው የሚጀምሩ ስሞች በላቲን ፊደል አንዴ ተጣምረው አንዴ ተነጣጥለው ይጻፋሉ። ወደ ውጭ አቆጣጠር የተመለሰ ቀንም ጳጉሜን ወይም የዘመን መለወጫ ልዩነት ሲዘነጋ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ዓመት ይሳሳታል። እያንዳንዱ ልዩነት ብቻውን ትንሽ ነው፤ ሲደራረብ ግን የሰነዱን ታማኝነት ይሸረሽራል። የጋብቻው ሰነድ ከመተርጎሙ በፊት በፓስፖርቱ አጻጻፍ መሠረት እንዲስተካከል ማድረግ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ሦስተኛው የትርጉምና የማረጋገጫ ሰንሰለት ነው። ሰነዱ በተፈቀደለት ተርጓሚ ተተርጉሞ አግባብ ባላቸው አካላትና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሥራው እንደ ገና ይጀመራል።

7. የማስመሰያ ጋብቻ ጥርጣሬ

መመሪያው በአንቀጽ 35 የማስመሰያ ጋብቻን በስም ጠቅሶ መብት እንዳያስገኝ ይፈቅዳል። ኮሚሽኑ በ2009 መግለጫው ትርጉሙን አጥብቦታል፤ የማስመሰያ ጋብቻ የሚባለው ነፃ ዝውውርን ለማግኘት ብቻ ተብሎ የተፈጸመው ነው። «ብቻ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። እውነተኛ ትዳር የመኖሪያ ፈቃድ ጥቅም ስላስገኘ ማስመሰያ አይሆንም።

መግለጫው ምርመራ ሊያስጀምሩ የሚችሉ ምልክቶችን ይዘረዝራል፦ ተጋቢዎቹ ከጋብቻው በፊት አለመተያየታቸው፣ ስለ አንዳቸው የግል ጉዳይ የሚሰጡት መልስ መጋጨቱ፣ የጋራ ቋንቋ ማጣታቸው፣ ለጋብቻው ገንዘብ መከፈሉ የመሳሰሉት ናቸው። ገንዘብን በተመለከተ በባህሉ የተለመደ ጥሎሽ የሚሰጥበትን ሁኔታ መግለጫው ከምልክቱ ውጪ ያደርጋል። ይህ ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጠቃሚ ነው፤ በቃለ መጠይቅ «ለሙሽራዋ ምን ሰጠህ?» ለሚለው ጥያቄ ወርቁንና ልብሱን መደበቅ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ምልክት ግን ከባህል ጋር ይጋጫል። በሽማግሌ ተላልኮ፣ በዘመድ አገናኝነት የሚጀመር ትዳር ዛሬም አለ። በውጭ የሚኖረው ወገን ለሠርጉ ብቻ ለጥቂት ሳምንታት የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። መርማሪው ትውውቃቸው አጭር ነው ሲል ባልና ሚስቱ ቤተሰቦቻችን ለብዙ ዘመን ይተዋወቃሉ ይላሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ የምርመራ መነሻ እንጂ የፍርድ ማጠቃለያ አይደሉም፤ የማስረዳት ሸክሙም ማስመሰያ ነው በሚለው ባለሥልጣን ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ አመልካቹ በእጁ ያለውን ማቅረቡ ብልህነት ነው። የሽምግልናው ቀን፣ የስልክ ግንኙነት መዝገብ፣ በየጊዜው የተደረገ ጉዞ ትኬትና የጋራ ወጪዎች ማስረጃ የትዳሩን ታሪክ በቅደም ተከተል ይናገራሉ።

ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ምክንያቱ በጽሑፍ፣ በዝርዝርና አቤቱታ የሚቀርብበትን አካልና ጊዜ በሚያሳይ ሁኔታ ሊገለጽ ይገባል፤ አንቀጽ 15፣ 30 እና 31 ይህን ዋስትና ይሰጣሉ። ምክንያቱ ያልተጻፈበት ወይም ለተራ ቪዛ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ምልክት በማድረግ ብቻ የተሰጠ ውሳኔ ለይግባኝ በቂ መነሻ ነው።

8. ብሪታንያ ከወጣች በኋላ

ብሪታንያ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከኅብረቱ ወጣች፤ የሽግግሩ ጊዜም ዲሴምበር 31 ቀን 2020 አበቃ። የቀድሞው የቤተሰብ ፈቃድ ጁን 30 ቀን 2021 ቀረ። የቀረው ከመውጫ ስምምነቱ ጋር የተያያዘው፣ ያለ ክፍያ የሚሰጠውና ለ6 ወር የሚያገለግለው ፈቃድ ነው። ይህም የሚጠቅመው የኅብረቱ ዜጋ ከሽግግሩ ማብቂያ በፊት በብሪታንያ ይኖር ለነበረና ግንኙነቱም ከዚያ ቀን በፊት ለነበረ የትዳር ጓደኛ ነው። ጋብቻው ከዚያ በኋላ ተፈጽሞ ከሆነ በቀኑ ዘላቂ የፍቅር አጋርነት እንደነበር መረጋገጥ አለበት። በሱሪንደር ሲንግ ስም የሚታወቀው መንገድም ለአዲስ አመልካቾች ኦገስት 8 ቀን 2023 ተዘጋ።

ከዚህ ክልል ውጪ የሆነ ሰው በአገሪቱ የቤተሰብ ኢሚግሬሽን ደንብ ይዳኛል። ደንቡ ከጁላይ 9 ቀን 2012 ጀምሮ ዝቅተኛ ዓመታዊ ገቢ 18,600 ፓውንድ ይጠይቅ የነበረ ሲሆን ከኤፕሪል 11 ቀን 2024 ጀምሮ 29,000 ፓውንድ ሆኗል። በዲሴምበር 2020 በቤተ ክርስቲያን የተጋባና በጃንዋሪ 2021 ያስመዘገበ ባልና ሚስት በየትኛው ሕግ እንደሚዳኙ የሚወስነው የጋብቻው ቀን ማስረጃ ነው። በክፍል 6 የተነሣው የምዝገባ ቀን ጥያቄ እዚህ ላይ የቢሮ ሥርዓት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ መሆን አለመሆናቸውን የሚወስን ይሆናል።

9. ማጠቃለያ

የቤተሰብ የጉዞ ፈቃድ በሕግ ዓይን መብትን የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው። የሱሪንደር ሲንግ፣ የመቶክና የማካርቲ ውሳኔዎች በተለያየ ጊዜ ወደዚሁ መደምደሚያ ያመራሉ። በማመልከቻ መቀበያው መስኮት ግን ፈቃዱ እንደ ችሮታ ሊታይ ይችላል። በሕጉና በመስኮቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠብበው በትክክል የተጻፈ የጋብቻ ቀን፣ አንድ ዓይነት የስም አጻጻፍና ማመልከቻው በየትኛው አንቀጽ እንደቀረበ የሚናገር አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ነጥቦች ለቀጣይ ጥናት የሚበቁ ናቸው። አንደኛው፣ አባል አገራት ከዜጎቻቸው ይልቅ ለሌላ አባል አገር ዜጎች ሰፊ የቤተሰብ መብት መስጠታቸው እስከ መቼ ይዘልቃል የሚለው ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያን የምዝገባ ተቋማት ይመለከታል። በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በተፈጸመበት ሰሞን የሚመዘገብበት አሠራር ቢጠናከር በውጭ መርማሪ ፊት የአምስት ዓመት ትዳር የሁለት ሳምንት ትዳር አይመስልም። ይህን ለማስተካከል የሌላ አገር ሕግ እስኪለወጥ መጠበቅ አያስፈልግም።